መልስ የሚሰጥ ኬላ ይቁምልን



ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ክፍሉ ውሃና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት በተማሪ መጽሔት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም መጻፉ የተገባ ነው። ዛሬ እኛ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን የአንድን ተማሪ የወደፊት ዕድል ያለ አንዳች ድምፅ ሊያጠፋ የሚችል ነው። ይኸውም የኢሜይላችን ነገር ነው። የሚጻፍልን ደብዳቤ በማን ተጣርቶ ይደርሰናል? ሳይደርሰን የቀረውስ ወዴት ሄደ? መቅረቱንስ ለላኪው ወይም ለተቀባዩ የሚነግር ማን ነው?

ከመካከላችን ከጨና ወረዳ፣ ከዋጫ የመጣን አለን። ክረምት ሲገባ ከቦንጋ ተነሥተን የውሽውሽን የሻይ ማሳ አልፈን ወደ ቤታችን እንገባለን። ዋጫ ስልክ አለ፤ ዳታ ግን በገንዘብ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታም መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ የዋጫ ተማሪ የኢሜይሉን ሣጥን እንደ ከተሜ በየሰዓቱ አይከፍትም፤ በሳምንት አንድ ቀን ከከፈተ ትጉህ ይባላል። የአይፈለጌ መልእክት ማኅደሩንማ ማን ያየዋል? ጂሜይል ደግሞ በዚያ ማኅደር ውስጥ የወደቀውን ሁሉ ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ጊዜ ይደመስሰዋል። የእኛ ክረምት ከ30 ቀን ይበልጣል። እንግዲህ በሐምሌ መጀመሪያ በስሕተት ተጥሎ የነበረ ደብዳቤ፣ ተማሪው በመስከረም ሲመለስ፣ እንደ ነበረ እንኳ ምልክት አይገኝለትም።

ከእኛ አንዱ ከአንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት የተላከለትን የጥሪ ደብዳቤ ያገኘው በዚሁ ማኅደር ውስጥ፣ በሐሰተኛ የሎተሪ ብሥራትና በመድኃኒት ማስታወቂያ መካከል ነው። እስኪደመሰስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ግን ዐልፎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ሐሳቡን ለወጠ ብሎ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። ላኪው ልኬአለሁ ይላል፤ ተቀባዩ አልደረሰኝም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መካከል የቆመው ማጣሪያ ብቻ ያውቅ ነበር፤ እርሱም ዝም አለ።

እኛ የምንቃወመው ይኸን ዝምታ ነው። ማጣሪያ አይኑር አላልንም። ማጣሪያ የሌለው የኢሜይል ሣጥን በር እንደሌለው ጎተራ መሆኑን እናውቃለን።

አይፈለጌ መልእክት የትናንት ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 ጋሪ ቱርክ የተባለ የአንድ ኮምፒዩተር ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ፣ አርፓኔት ይባል በነበረው መረብ ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከባቸው። ተቆጡት፤ ነገር ግን መንገዱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዝናው የገነነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 የሆነው ነው። ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት የአሜሪካ ጠበቆች፣ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ላይ ከ5,000 በሚበልጡ ክፍሎች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አሰራጩ። ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ! እኛ ዲቪ የምንለውን፣ በዚያን ጊዜ ለማመልከት ምንም የማይከፈልበትን ነገር፣ እኛ በክፍያ እናመልክትላችሁ ማለታቸው ነበር። በየከተማችን በኮምፒዩተር ቤት ደጃፍ ስንት ዓመት የተሰለፍንለት ሎተሪ፣ የዓለም የአይፈለጌ መልእክት ታሪክ አንደኛ ምዕራፍ ሆኖ መገኘቱን ስናነብ ልንሥቅም ልናዝንም ቃጣን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢሜይል በኢትዮጵያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ በተባለው ክፍል በኩል ነበር። በዚያን ጊዜ ደብዳቤው ወዲያው አይሄድም። ተጠራቅሞ ይቆይና በስልክ መስመር ጥሪ ሲደረግ በአንድነት ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የተነሣ የባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑም የኢንተርኔት አገልግሎት በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ጀመረ። ይኸን የምናነሣው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። ኢሜይል ከመጀመሪያው መጠበቅን የሚችል፣ መንገድ ሲዘጋበት ተቀምጦ የሚያድር፣ ሲነጋ ተነሥቶ እንደገና የሚሞክር ነገር ሆኖ የተሠራ መሆኑ እንዲታወስልን ነው። ነገራችን ሁሉ በዚህ ጠባዩ ላይ ይቆማል።

ማጣሪያ ሁለት ዓይነት ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። አንደኛው ደብዳቤውን ከፍቶ ቃሉን ያነባል። «ነጻ»፣ «ሽልማት»፣ «አሁኑኑ» የሚሉትን ይቆጥራል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከበዛ ይጥላል። ይኽ ማጣሪያ የሚያውቀው የተማረበትን ቋንቋ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተማረውም በእንግሊዝኛ ነው። በዩኒክስ ዐይነት ሰርቨሮች ላይ ለብዙ ዘመን ያገለገለውን ስፓምአሳሲንን እንውሰድ። ባለ ሰርቨሩ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች እንዲመርጥ የተዘጋጀለት ዝርዝር አለው፤ ከዝርዝሩ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ነጥብ ይቆጠርበታል። አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ይኽ ደግ ነው። ካፊኖኖ ግን የለም። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍም፣ የዋጫ እናት በልጇ ስልክ ያስጻፈችውን ደብዳቤ ማሽኑ የየትኛው አገር ቋንቋ ብሎ እንደሚገምተው እግዜር ይወቅ።

ሁለተኛው ዓይነት ማጣሪያ ደብዳቤውን አይከፍትም፤ ቃሉንም አያነብም። የሚጠይቀው ስለ ላኪው ጠባይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢቫን ሃሪስ የተባለ ሰው ግራጫ መዝገብ የተባለውን ዘዴ ጽፎ አወጣ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። አይፈለጌ መልእክት የሚነዛ ማሽን ይቸኩላል፤ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ደጃፍ ማንኳኳት አለበትና አንዱ በር «ቆይ፣ በኋላ ተመለስ» ሲለው አይመለስም፤ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። እውነተኛ የፖስታ ሰርቨር ግን ደንቡን ያውቃል። በ4 የሚጀምር የመልስ ቁጥር ሲሰጠው «ለጊዜው አልተቻለም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት መሆኑን ተረድቶ ደብዳቤውን ይዞ ይቆያል፤ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶም ይመለሳል። በ5 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ «ፈጽሞ አይሆንም» ማለት ነውና ለጻፈው ሰው «ደብዳቤህ አልደረሰም» ብሎ ያስታውቀዋል። በሁለቱም መንገድ መልስ አለ። በዝምታ የሚጠፋ የለም።

ይኸን በተግባር ከሚያውሉት ሁሉ እኛ የወደድነው ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. በሚባለው ሥርዓት ላይ ያለውን ነው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ተወለደ፤ ከዘሩ አንዱ የሆነውን ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ.ን በካናዳ የሚኖረው ቴዎ ደ ራት መሠረተው። የዚህ ሥርዓት ፋየርዎል ፒ.ኤፍ. ይባላል። አመጣጡን ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል። ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበረው ፋየርዎል ባለቤት፣ ማንም ሰው ሥራውን ለውጦ ማሰራጨት አይፈቀድለትም ቢላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጡትና ጣሉት። ዳንኤል ሃርትማየር የተባለ የስዊስ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ አዲሱን ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥም ታተመ። ለማንም የተፈቀደ፣ ለማንም የሚከፈት፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ነው። የራስን ኬላ በራስ እጅ መሥራት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ከፒ.ኤፍ. ጎን ስፓምዲ የተባለው ዘበኛ ይቆማል። ግራጫ መዝገብን እንዲይዝ ያደረገው ቦብ ቤክ ነው፤ እርሱም በካናዳ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ፖስታ ያስቸገረው የዩኒቨርሲቲ ሰው፣ ለዩኒቨርሲቲው ሲል የሠራው፣ ለዓለም የተረፈ ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢሜይል ወደ ሰርቨር የሚገባው 25 ቁጥር በሆነው በር ነው። ፒ.ኤፍ. በዚህ በር የሚመጣውን ሁሉ ያያል፤ ላኪው በነጭ መዝገብ ካለ በቀጥታ ወደ ፖስታ ሰርቨሩ ያሳልፈዋል፤ ከሌለ ወደ ስፓምዲ ይመራዋል። ስፓምዲ በመዝገቡ ይጽፋል፤ ከየት አድራሻ እንደ መጣ፣ ማን እንደ ላከው፣ ለማን እንደ ሆነ። ከዚያም «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ሌላ ቦታ ካልተለወጠ በቀር፣ ያው ላኪ 25 ደቂቃ ካለፈ በኋላ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ከመጣ በነጭ መዝገብ ይጻፋል፤ በዚያም መዝገብ 36 ቀን ያህል ይቆያል፤ ደብዳቤ በላከ ቁጥርም ዘመኑ ይታደስለታል። ደግሞም እኛ ራሳችን ለአንድ ሰው ስንጽፍ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያንን አይቶ የዚያን ሰው ሰርቨር በነጭ መዝገብ ያስገባዋል፤ ስለዚህ የጻፍንለት ሰው ሲመልስልን ብዙውን ጊዜ አይቆምም። በጥቁር መዝገብ ያለው ግን የሚያስቅ ነገር ይገጥመዋል። ስፓምዲ በሩን አይዘጋበትም፤ እያናገረ ያቆየዋል፤ ግን በየሴኮንዱ አንዲት ፊደል ብቻ እየመለሰለት ነው። ሰውዬው በረግረግ እንደ ገባ በሬ እግሩን ሲነቅል ይውላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእርሱ ነው።

እኛ ተማሪዎች የደጅ ጥናትን ልማድ ስንቃወም የኖርን ነን። ለአንዲት ማኅተም ሦስት ቀን በቢሮ ደጃፍ መቆም፣ «ነገ ተመለስ» መባል፣ ነገም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። በደስታ የምንደግፈው ደጅ ጥናት ቢኖር ይኽ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ደጅ የሚጠናው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። የሚመዘነውም በዘመድ፣ በቋንቋ ወይም በገንዘብ አይደለም፤ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም በሚል ብቻ ነው። በአማርኛ ይጻፍ፣ በካፊኖኖ ይጻፍ፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ኬላው አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። የግል ደብዳቤያችንን ከፍቶ የሚያነብ ሦስተኛ ዐይን የለበትም።

ካፋ ስለ ኬላ ከማንም ትምህርት አይበደርም። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በዐፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስ፣ አገሩ በጥልቅ ቦይና በኬላ የተጠበቀ ነበር። እንግዳ ነጋዴ በኬላው ይቆማል፤ ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ሲፈቀድለት ይገባል። ያን ሥርዓት ልናወድስ አይደለም፤ ኬላው የንጉሥ እንጂ የሕዝብ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ኬላ የቆመ ነጋዴ መቆሙን ያውቅ ነበር። ጭኖ የመጣው አሞሌ ጨው ሌሊት በስውር ተወስዶ፣ ጠዋት «ምንም አልመጣም» አይባልም ነበር። የዛሬው የዝምታ ማጣሪያ ግን ልክ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው፣ «መብራት በሚጠፋበት አገር የራሳችንን የፖስታ ሰርቨር እንዴት እናቆማለን?» የሚል ነው። ይኽ ጠንካራ መስሎ የሚታይ ደካማ ተቃውሞ ነው። የኢሜይል ደንብ፣ ተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ ላኪው ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ያህል ደጋግሞ እንዲሞክር ያዛል። መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት ቢመጣ፣ እንኳን አንድ ሌሊት ሁለት ቀንም ቢጠፋ፣ ደብዳቤው በላኪው ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የሚጠፋው አንድም የለም። ግራጫ መዝገብ የሚሠራውም ይኸንኑ ትዕግሥት ተጠቅሞ ነው። እንዲያውም መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት አገር ከዚህ የተሻለ የሚስማማ የመልእክት ዘዴ ገና አላየንም። ለዚህ ኬላ የሚያስፈልገውም ኮምፒዩተር ትልቅ አይደለም፤ አርጅቷል ተብሎ በንብረት ክፍል ከተጣሉት አንዱ ይበቃዋል።

ሁለተኛው፣ «ትልልቆቹ ኩባንያዎች በነጻ ያጣሩልን የለም ወይ?» የሚል ነው። ያጣራሉ፤ በችሎታቸውም አንጠራጠርም፤ ከእኛ ከማናችንም ይበልጣሉ። ነገር ግን ሲሳሳቱ ለማን እንጮኻለን? የዋጫ ተማሪ የጠፋውን ደብዳቤ ለመጠየቅ የሚያንኳኳው ደጃፍ የት ነው? በግቢያችን ያለ ሰርቨር መዝገብ አለው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ «ቆይ» ተባለ፣ አልተመለሰም ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ተማሪው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ለእኛ ልዩነቱ ይኽ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን በአክብሮት እንቀበለዋለን፤ እርሱም ስለ መዘግየት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍልን ሰርቨር ደብዳቤው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ደብዳቤ ሲሆን ምንም አይደለም። ግን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚሞላበት ድረ ገጽ «በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያበቃ ቁጥር በኢሜይል ልከናል» ሲል ጉዳት ነው። ሌላም አለ። እንደ ጂሜይል ያሉት ግዙፎች «ቆይ» ሲባሉ የሚመለሱት ከሌላ አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ስፓምዲም «ይኽኛው አዲስ ነው» ብሎ እንደገና ያስቆመዋል፤ እንዲህ እየሆነ ቀኑ ይመሻል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ደብዳቤ የሚልኩባቸውን አድራሻዎች ኤስ.ፒ.ኤፍ. በሚባለው መዝገብ ለሕዝብ ያስታውቃሉ፤ ያንን አንብቦ አስቀድሞ በነጭ መዝገብ ማስገባት ነው። ይኽም ለአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በየጊዜው የሚያድስ ሰው ይፈልጋል። ደግሞም ከተሰረቀ እውነተኛ የኢሜይል አድራሻ የሚላከውን የማታለያ ደብዳቤ ግራጫ መዝገብ አያስቆመውም፤ ሰርቨሩ ደንብ ዐዋቂ ነውና ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከኬላው በስተኋላ ቃሉን የሚያነብ ማጣሪያም ይኑር ቢባል አንከለክልም፤ ግን ምልክት ያድርግበት እንጂ አይጣለው፤ አይደምስሰው።

እስካሁን የተናገርነው ወደ ውስጥ ስለሚመጣው ነው። ኬላ ግን ሁለት ፊት አለው፤ እንደ እኛ አስተያየት የሚበልጠው ክፍል ወደ ውጭ የሚያየው ነው። ይኸን የሚያነሣ ሰው ባለመኖሩ እናዝናለን።

የኮምፒዩተር ክፍላችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል፤ ቫይረሱም ከፍላሹ ጋር ይዞራል። ቫይረስ የያዘው ኮምፒዩተር ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ዓለም ሁሉ አይፈለጌ መልእክት ሊነዛ ይችላል። በአንድ ግቢ ያሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ወደ ውጭ የሚታዩት ብዙ ጊዜ በአንድ የጋራ አድራሻ ነው። በዓለም ዙሪያ ጥቁር መዝገብ የሚይዙ ድርጅቶች ይኸን ያዩና አድራሻውን ይጽፉታል። ከዚያ በኋላ የፕሮፌሰሩም ደብዳቤ፣ የሬጅስትራሩም ደብዳቤ፣ የእኛም የማመልከቻ ደብዳቤ በውጭ አገር ደጃፍ ላይ ይቀራል። አንዱ በበላው ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን ይታመማል ማለት ነው። እኛ የሌላውን አገር ማጣሪያ ስንወቅስ፣ የገዛ ግቢያችን ማሽን በስማችን ምን ሲልክ እንደሚያድር አናውቅም!

ይኽ በፒ.ኤፍ. በሁለት መስመር የሚከለከል ነው። አንደኛው መስመር፣ ከግቢው ውስጥ ወደ ውጭ በ25ኛው በር የሚወጣ ግንኙነት ሁሉ ይከልከል ይላል። ሁለተኛው፣ የፖስታ ሰርቨሩ ብቻ ይፈቀድለት ይላል። በዚህ ሥርዓት ደንቡ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ሌላ ካልተባለም በመጨረሻ የተስማማው ይጸናል፤ ስለዚህ ክልከላው ይቀድማል፣ ፈቃዱ ይከተላል። የተከለከለው ሙከራም በመዝገብ ይጻፍ ከተባለ፣ የትኛው ኮምፒዩተር እንደ ታመመ በዚያው ይታወቃል፤ የክፍሉ ኃላፊ ሄዶ ያጸዳዋል። ወጪው ምንም ነው። ባለፉት ዓመታት ስንት ገንዘብ ለጸረ ቫይረስ ፈቃድ እንደ ወጣ ማስላት ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እንተዋለን።

ወደ ውጭ የሚሄደው ደብዳቤያችን እንዲከበር ሌላም የሚያስፈልገው አለ። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤ የሚልክ ሰርቨር ሁሉ ማንነቱን እንዲያስመሰክር ግድ አድርገዋል። ከእነዚህም አንዱ የአድራሻ ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ ነው። ይኸን መዝገብ የሚጽፈው የአድራሻው ባለቤት፣ ማለት ኢንተርኔቱን የሚሰጠው ድርጅት እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ስለዚህ የአስተዳደር ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ተከታትሎ የሚያስፈጽም ሰው ተመድቦ መጠየቅ አለበት። ቴክኒኩ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ደብዳቤው ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኛም እናንተም እንገምታለን።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኽ ነው። የዩኒቨርሲቲ ፖስታ በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ይቀመጥ፤ ከፊቱም ኬላ ይቁም። ኬላው የማይቀበለውን ደብዳቤ በ4 ወይም በ5 በሚጀምር ቁጥር መልስ ይስጥበት እንጂ በዝምታ አይዋጠው። ምልክት የተደረገበት ደብዳቤ ቢያንስ ከክረምት ዕረፍታችን ለሚረዝም ጊዜ፣ 120 ቀን ቢሆን እንወዳለን፣ ሳይደመሰስ ይቆይ። የኬላው መዝገብ ለሚጠይቅ ተማሪ ስለ ራሱ ደብዳቤ ይታይለት። ጥበቃውም ለኮምፒዩተር ሳይንስ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ከአንድ መምህር ጋር፣ በተራ ይሰጥ። በወረቀት ላይ ስለ ፋየርዎል ተፈትነን ኤ ያገኘን ብዙዎች ነን፤ አንድ እውነተኛ ፋየርዎል በእጁ የነካ ግን ስንት ነው?

አስተዳደሩ «ጥናት ይደረግበት» ብሎ እንዳያቆየው፣ ከክፍላችን 6 ተማሪዎች ለሙከራ የሚሆነውን የደንብ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል፤ ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። በውስጡ አንድ የወጥመድ አድራሻም አለ። የማንም ሰው ያልሆነ፣ ማንም በቅን ልብ የማይጽፍበት የኢሜይል ስም ነው፤ አድራሻ የሚለቅሙ ማሽኖች ብቻ እንዲያገኙት በድረ ገጽ ጥግ ይሰወራል። በነጭ መዝገብ የሌለ ላኪ ወደዚያ ስም ከጻፈ ለ24 ሰዓት በጥቁር መዝገብ ገብቶ በየሴኮንዱ አንዲት ፊደል ሲለቅም ይውላል። ስሙን በዚህ ገጽ አናትመውም፤ ከእናንተ መካከል ለመሞከር የሚጽፍ እንደማይጠፋ እናውቃለንና። ደንቡን ማየት የሚፈልግ፣ ስሕተት ያገኘበትም፣ ወይም ሐሳባችንን ጨርሶ የሚቃወም፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘናል።